አሥራ ሰባተኛው ዛላ

ባርካ ላይ ባሕሩ ጨው ይተነፍሳል፣
የላስቲክ ቤታችን ጣራው ያልበዋል።
ሸፊቅ፣ የዳካው ልጅ፣ ቧንቧ ይፈታል፣
ጠብታ በጠብታ ባቄላ ያጠጣል።
እኔም በማለዳ የፎይል ጥቅል ይዤ፣
ቁጥርና ክር ይዤ፣ መቀስ ከኪስ መዝዤ፣
መደብ ለመደብ ነኝ እስከ ቀትር ድረስ፣
ፀሐይ ላስቲኩን በስታ አናቴን እስክትልስ።

«ግማሹን ሸፍኚ፣ ግማሹን ተይልኝ፣»
አለች ዶክተር ረያ ሥራ ስታሳየኝ።
«ቅጠሉን አትንኪ፤ ዛላውን ብቻ ነው፤
ብርሃን እንዳይገባ አጥብቀሽ ጠቅልይው።»
ጠቀለልኩት፣
ከግብዣ እንደተረፈ ሥጋ
ጠርዙን በጥፍሬ እያጠፍኩት።

ሰባተኛ ክፍል «ብርሃን አስተፃምሮ» የሚል ቃል ሸምድጄ፣
ፈተናውን አልፌ፣ ቃሉን እዚያው ጥዬ ሄጄ፣
እዚህ ነው የገባኝ፣ ባሕር ተሻግሬ፣
በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ጉልበቴን ቀብሬ።
እያንዳንዱ ዛላ ጎረቤት ቅጠል አለው፤
ከሁሉ አብልጦ የሚያበላው እሱ ነው።
የተቃጠለ አየር ከነፋስ ይለቅማል፣
በብርሃን አቡክቶ ስኳር ያደርገዋል፣
ለራሱ ሳይቀምስ — አይ፣ ውሸት ምን ይሠራል?
ይቀምሳል፤
የተረፈውን በግንዱ ደም ሥር፣
በቀጭን እትብት ለፍሬው ያሻግራል።

ይህንስ ገበሬ በሌላ ቃል ያውቀዋል።
እኔ ያልጠረጠርኩት ፍሬው መተንፈሱን ነው።
ተኝቶ የሚጎርስ ይመስለኝ ነበር፤
ለካስ የበላውን ያነድና፣ በዚያች ጠባብ ቤት
ያንኑ የተቃጠለ አየር ይተፋል፣ በሩን ዘግቶ።
ረያ አንዱን ዛላ በጥፍሯ ሰንጥቃ አሳየችኝ፤
ውስጡ ነጭ ባዘቶ፣
ከባዘቶው ሥር አረንጓዴ ግድግዳ።
አረብኛዬ የማጀት ነው፤
ከሽንኩርትና ከመጥረጊያ አያልፍም።
ስለዚህ በእጇ ነገረችኝ፦
መዳፏን አፏ ላይ ጋርዳ እፍ አለች፣
ትንፋሿን ጨበጠችው፣
መልሳ ጎረሰችው።
ገባኝ።
ከውጭ የሰረገች ጥቂት ብርሃን ካለች
ግድግዳው ትንፋሹን ይይዝና፣ ስኳር ያደርግና፣
ለተነፈሰው ያጎርሰዋል።

የታሸገው ግን?
ቅጠሉ ይልካል፤ ለዚህም ለዚያም እኩል ይልካል፤
ትንፋሹን የሚመልስ ጠፍቶ ፍሬው ይቀልላል።
ለሸፊቅ ተረት ብተረጉምለት —
«ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ» —
ሳቀ፣ ሳቀ፣ ቧንቧውን ረሳ፣
ሁለት መደብ ጎርፍ በላው።

መስቀት ሳለሁ፣ ሁለት ዓመት ካራት ወር፣
ክፍሌ መስኮት የለውም፤ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ነበር።
ሩዙም ዓሣውም አልቀረብኝም፤ እውነቱ ይነገር፤
ግን ቀሚሴ በየወሩ ይሰፋኝ ነበር።
ሐኪሙ ደሜን አይቶ «ጤነኛ ናት» አለ፤
እኔም ለእህቴ «ደህና ነኝ» ስል ጻፍኩ፤
በቃሉ ምን ውሸት አለ?

ለዚህ አልነበረም፤ ወይም ለዚህ ነበር፤ አላውቅም።
በዘጠነኛው ቀን፣ አሥራ ሰባት ቁጥር ላይ፣ እጄ አልታዘዘኝም።
ፎይሉን ፈታሁት።
ኪሴ ከተትኩት።
ለማንም አልነገርኩም።

የሚዛኑ ዕለት ረያ ቁጥር እያነበበች
አሥራ ሰባት ስትደርስ ቆም አለች።
«ይሄኛው ከጓደኞቹ ለምን ከበደ?»
ነገርኳት።
የሦስት ሳምንት ሥራ ነው። ዓይኗ ተቆጣ፤
እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ወረደ፤
በቀይ መስመር ሰረዘችው።

ሌሎቹ ሊደርቁ ምድጃ ገቡ።
የተሰረዘ ቁጥር ማን ይፈልጋል?
ወሰድኩት።
ከላስቲኩ ቤት በር፣ የባሕሩ ወበቅ ውስጥ ተቀምጬ
ፈለፈልኩት፤ አራት ፍሬ።
አንዱን ለሸፊቅ ሰጠሁት።
ሦስቱን ጥሬውን በላሁ።
ልጣጩ ይመራል።
ውስጡ ስኳር አለው።